ምዕራፍ 7፦ የልጁ ወረቀት ይቅደም

ከውጭ አገር ሰው ጋር ትዳር መሥርቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ ጓዙን ጠቅልሎ ለመሄድ የተነሣ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለ አንድ ቪዛ ነው፤ ስለ ሚስቲቱ ወይም ስለ ባልየው ቪዛ። ዘመድም "ፕሮሰሱ የት ደረሰ?" ብሎ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ልጁ ሕፃን ስለሆነ እናቱ ከሄደች አብሮ የሚሄድ፣ እናቱ ከቀረች አብሮ የሚቀር ይመስላል። ሕጉ ግን ሕፃኑን ለብቻው ነው የሚያየው። ልጁ የራሱ ዜግነት፣ የራሱ ማስረጃና የራሱ የጊዜ ገደብ አለው። ከነዚህ ገደቦች አንዳንዱ የመጀመሪያ ልደቱን ሳያከብር፣ ሌላው ደግሞ 19 ዓመት ሲሞላው ያልፍበታል። የልጁ ጉዳይ ቀድሞ ቢታይ የወላጆቹም መንገድ ይቀናል፤ ይህ ምዕራፍ የሚያስረዳው እንዴት እንደሆነ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ብዙ ዘመን ዜግነት በአባወራው በኩል ብቻ የሚፈስ ነገር ነበር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1907 ባወጣችው ሕግ የውጭ ዜጋ ያገባች አሜሪካዊት ዜግነቷን ታጣ ነበር። በካሊፎርኒያ ተወልዳ ያደገችው ኤተል ማኬንዚ የእንግሊዝ ተገዥ የሆነ ሰው በማግባቷ በመራጭነት እንዳትመዘገብ ተከለከለች። ተከራክራ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደረሰች፤ ፍርድ ቤቱም በ1915 ፈረደባት። አገሯን ሳትለቅ ባዕድ ሆነች ማለት ነው። ያ ሕግ መላላት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው።

የእኛም አገር ከዚህ የራቀ አልነበረም። በ1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ ኢትዮጵያዊ ወንድ በሕግ ያገባት የውጭ ሴት ወዲያው ኢትዮጵያዊት እንድትሆን ይፈቅድ ነበር። ኢትዮጵያዊቷ ሴት የውጭ ሰው ስታገባ ግን፣ ጋብቻው የባሏን ዜግነት የሚያሰጣት ከሆነ፣ የራሷን ታጣለች። ይህ ሕግ ከሰባ ዓመት በላይ ጸንቶ ቆይቷል። ዛሬም አንዳንድ አያቶች "ፈረንጅ ካገባሽ አገርሽን አጣሽ" የሚሉት ከባዶ ተነሥተው አይደለም፤ በዘመናቸው የነበረውን ሕግ እየተናገሩ ነው።

በአፍሪካ ይህን አስተሳሰብ በፍርድ ቤት ፊት ለፊት የገጠመችው የቦትስዋናዋ የሕግ ባለሙያ ዩኒቲ ዳው ናት። ያገባችው አሜሪካዊ ነበር። ከጋብቻው በፊት የወለደችው ልጅ በእናቱ በኩል የቦትስዋና ዜጋ ሆነ። ከጋብቻው በኋላ እዚያው ቦትስዋና የወለደቻቸው ሁለቱ ግን እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣው የዜግነት ሕግ መሠረት የአባታቸውን ተከትለው የውጭ ዜጋ ሆኑ። ከአንዲት እናት ማሕፀን የወጡ፣ በአንድ ግቢ የሚያድጉ ልጆች በመንግሥት መዝገብ ላይ ተለያዩ። ዳው መንግሥትን ከሰሰች፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1992 ፈረደላት፤ ሕጉ በ1995 ተሻሻለ። እሷም በኋላ የአገሯ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ዳኛ ሆናለች። ያ ፍርድ ካልደረሰባቸው አገሮች ውስጥ እናት እንደ አባት እኩል ዜግነቷን ለልጇ ማስተላለፍ የማትችልባቸው ዛሬም ከ20 በላይ ናቸው፤ ከነዚህም ብዙዎቹ የእኛ እህቶች ሠርተው የሚኖሩባቸው የዓረብ አገሮች ናቸው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ኢትዮጵያ በዚህ በኩል ተስተካክላለች። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 6 ከወላጆቹ አንዱ፣ እናትም ትሁን አባት፣ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። አንቀጽ 33 ደግሞ ከውጭ ዜጋ ጋር መጋባት ብቻውን የማንንም ኢትዮጵያዊ ዜግነት እንደማያስቀር ይደነግጋል። ዝርዝሩን የያዘው በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 378 ነው። እንግዲህ ጀርመናዊ ያገባች የአዲስ አበባ ልጅ፣ ኬንያዊት ያገባ የሞያሌ ነጋዴ፣ ጣሊያናዊ ያገባች የጎንደር አስጎብኚ በጋብቻቸው የሚያጡት ነገር የለም። ልጆቻቸውም ሲወለዱ ኢትዮጵያዊ ናቸው። በአባት ወይም በእናት በኩል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሌላውም አገር ዜጋ ናቸው። ችግሩ የሚጀምረው መሆንን ማስረዳት ሲመጣ ነው።

እዚህ ላይ ሦስት የተለያዩ ነገሮች እንደ አንድ እየታዩ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የመጀመሪያው ወላጅነት ነው፤ ይህ ልጅ የማን ልጅ ነው? ሁለተኛው ዜግነት ነው፤ በዚያ ወላጅ በኩል የየትኛው አገር ዜጋ ነው? ሦስተኛው የመግቢያና የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ኤምባሲ የሚያየው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። አባትነቱ በወረቀት ያልጸና ሰው ዜግነቱን ለልጁ አስተላልፏል ማለት አይቻልም፤ ዜግነቱ የተረጋገጠለት ልጅ ደግሞ ቪዛ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ፓስፖርት ነው። ብዙ ቤተሰብ ግን ከሦስተኛው ይጀምራል። ዜጋ ለሆነ ሕፃን የቪዛ ማመልከቻ ሞልተው ገንዘብ ከፍለው ወራት የሚጠብቁ ወላጆች አሉ።

ስለዚህ የሁሉ ነገር መነሻ የልደት ምስክር ወረቀት ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 760 ልደት በ90 ቀን፣ ጋብቻ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል፤ አገር አቀፉ ምዝገባ በሥራ ላይ የዋለው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊም በኤምባሲው ማስመዝገብ ይችላል። በጊዜው የተመዘገበ ልደት በቀላሉ ይታመናል። ልጁ ስድስት ዓመት ሲሞላው፣ ለቪዛ ቀጠሮ አንድ ወር ሲቀር የወጣ የልደት ካርድ ግን ጥያቄ ያስነሣል፤ የኤምባሲው ሠራተኛ የሆስፒታል ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ የእርግዝና ክትትል ማስረጃ ሊጠይቅ ይችላል። ጥርጣሬው ከበረታ የዲኤንኤ ምርመራ ይመጣል። የክትባት ካርድ እንደ ቀላል ነገር ታይቶ የሚጣልበት ቤት ብዙ ነው፤ እባካችሁ አትጣሉት።

ቀጥሎ ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ሰው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል፤ ሴት ስታገባ ስሟን አትቀይርም። ይህ የሚያኮራ ልማዳችን ነው፤ ፎርም ላይ ግን ፈተና ይሆናል። የእናት ፓስፖርት በቤተሰብ ስም ቦታ የአያቷን ስም ይዟል። ልጁ በኢትዮጵያ የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ የራሱን ስም፣ የአባቱን መጠሪያ ስምና የአባቱን የቤተሰብ ስም ይዞ ሦስት ስም ሆኖ ይመዘገባል። በአባቱ አገር መዝገብ ደግሞ የራሱና የቤተሰብ ስም ብቻ ነው ያለው። በሁለት አገር ሁለት ስም ያለው ልጅ ተፈጠረ ማለት ነው። እናትና ልጅ ድንበር ላይ ሲቆሙ ደግሞ ከፓስፖርታቸው አንድም የሚገናኝ ስም አይገኝም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ግን ቀድሞ መደረግ አለበት። ልጁ ከመመዝገቡ በፊት ሁለቱ ወላጆች ስሙ በሁለቱም አገር እንዴት እንደሚጻፍ፣ በላቲን ፊደል እያንዳንዱ ሆሄ የትኛው እንደሚሆን ይወስኑ፤ ከዚያ በኋላ በየትኛውም ወረቀት አንድ ፊደል አይለወጥ። ብቻዋን ከልጇ ጋር የምትጓዝ እናት፣ ወይም ብቻውን የሚጓዝ አባት፣ የልደት ምስክር ወረቀቱን ቅጂና የሌላውን ወላጅ በሰነዶች ማረጋገጫ የጸደቀ የስምምነት ደብዳቤ በእጅ ቦርሳ ይያዝ። ኢትዮጵያ በወላጅ ያለ ስምምነት ስለተወሰዱ ልጆች የሚደነግገው እ.ኤ.አ. የ1980ው የሄግ ስምምነት አባል አይደለችም፤ አንዱ ወላጅ ልጁን ይዞ ቢቀር ሌላው በዚያ ስምምነት በኩል የሚያስመልስበት መንገድ የለውም። የድንበር ሠራተኞች የሚጠነቀቁትም ለዚሁ ነው።

ሦስተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ነው የተወለደችው። ሰባት ደምሮ የቆመ ሰው 2019 ብሎ ይጽፋል፤ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ያለው ልዩነት ስምንት መሆኑን ረስቶ። ከዚህ የከፋው ተርጓሚው ዓመቱን ሳይቀይር 2012 ብሎ ሲተወው ነው፤ ልጅቱ በአንድ ጊዜ ስምንት ዓመት ትልቅ ትሆናለች። የዜግነትና የቪዛ ሕጎች በ18 እና በ21 ዓመት ላይ በሮች ስለሚዘጉ የአንድ ዓመት ስሕተት በሩን ዘግቶ ሊያስቀር ይችላል። ትርጉሙን ከተርጓሚ ቤት ስትቀበሉ ሌላው ቢቀር ስምና ቀን ላይ ጣታችሁን እያሳረፋችሁ አንብቡ።

አሁን አንድ አገር እንውሰድና ሕጉ በተግባር እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ጀርመንን የምመርጠው ለማስረዳት ስለሚያመች ነው፤ በዚያ አገር የልጅ ዜግነት የእናትን ጉዞ ሲያቀና በግልጽ ይታያል።

ከተጋቡ ጀርመናዊ አባትና ኢትዮጵያዊት እናት አዲስ አበባ ላይ የተወለደ ልጅ ሲወለድ ጀርመናዊ ነው። ካልተጋቡ ግን አባትየው በእናትየዋ ፈቃድ አባትነቱን በሕግ መቀበል አለበት፤ ይህም ሂደት ልጁ 23 ዓመት ሳይሞላው መጀመር ይኖርበታል። አንድ ወጥመድ አለ፤ ጀርመናዊው ወላጅ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1999 መጨረሻ በኋላ ከጀርመን ውጭ የተወለደና ውጭ የሚኖር ከሆነ፣ ውጭ አገር የሚወለድ ልጁ ዜግነት የሚያገኘው ልደቱ በአንድ ዓመት ውስጥ በጀርመን ባለሥልጣን ዘንድ እንዲመዘገብ ሲጠየቅ ነው። ሕጉ ሲወጣ የሩቅ ነገር ይመስል ነበር። ያኔ የተወለዱት ዛሬ ራሳቸው ወላጅ ለመሆን ደርሰዋል፤ አዲስ አበባ፣ ናይሮቢ ወይም ዱባይ ከተወለደ ጀርመናዊ ልጅ የወለዱ ሁሉ ይህን አንድ ዓመት ሊያውቁት ይገባል።

እናትየዋ እንደ ሚስት ብታመለክት ኤምባሲው ከሌሎች ሰነዶች ጋር የመጀመሪያውን ደረጃ የጀርመንኛ ፈተና (ኤ1) ማለፏን ይጠይቃል። አዲስ አበባ ውስጥ ጎተ ኢንስቲትዩት ተመዝግቦ፣ ወራት ተምሮ፣ ተፈትኖ የሚገኝ ማስረጃ ነው። ሕፃን ታቅፋ የምትማር እናት፣ ወይም ከክፍለ ሀገር መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር ሴት ምን ያህል እንደምትለፋ የሚያውቅ ያውቀዋል። ነገር ግን ያው ሕግ ሌላ በር አለው፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ጀርመናዊ ልጅን ለማሳደግ የሚሄድ ወላጅ። በዚህ በር የምትገባ እናት የኤ1 ማስረጃም ሆነ የገቢ ማረጋገጫ ቅድመ ሁኔታ አይሆንባትም። ልጁ ጀርመናዊ መሆኑ በፓስፖርት ከተረጋገጠ እናቱ የምትጓዘው የጀርመናዊ እናት ሆና ነው። የልጁ ወረቀት ይቅደም የምለው ስለዚህ ነው። ቋንቋውን መማር አይጠቅምም ማለቴ አይደለም፤ ከደረሰች በኋላ ሥራውም፣ የልጅ ትምህርት ቤቱም፣ ዜግነቱም በቋንቋ ነው። ግን ፈተናው ቤተሰቡን ለያይቶ እንዲያቆይ ማድረግ አያስፈልግም።

ይኸው ወረቀት ትዳሩ ቢፈርስም ያገለግላታል። በጀርመን እንደ ሚስት የገባች ሴት በራሷ ስም የመኖር መብት የምታገኘው በመርሕ ደረጃ በዚያ አገር ሦስት ዓመት በትዳር ከኖረች በኋላ ነው፤ ለተደበደበችና ለተሠቃየች ሴት ሕጉ ከዚያ በፊትም ይፈቅዳል። ጀርመናዊ ልጇን የምታሳድግ እናት ግን በልጁ በኩል መኖሯን ትቀጥላለች። "ብትተዪኝ ትባረሪያለሽ" የሚል ባል ያላት እህት ይህን ማወቋ ብቻ ሕይወቷን ሊያተርፍ ይችላል። ብዙ ሴቶች ዱላ የሚታገሡት ሕጉ የማይለውን ነገር እንደሚል ስላመኑ ነው።

የቀረውን በአጭሩ ልለፈው፤ ከጀርመናዊ ቤተሰቧ ጋር ሦስት ዓመት የኖረችና የቋንቋ ደረጃዋ የበቃ ሴት ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ትጠይቃለች። የጀርመናዊ የትዳር ጓደኛ ሦስት ዓመት ከኖረና ትዳሩ ሁለት ዓመት ከሞላው ለዜግነት ማመልከት ይችላል፤ ለሌላው ሰው አምስት ዓመት ነው። ከጁን 27 ቀን 2024 ጀምሮ ጀርመን አዲስ ዜጎቿን የቀድሞ ዜግነታችሁን ተዉ አትልም። ብዙ ኢትዮጵያውያን ይህን ሰምተው "አሁንማ ሁለት ዜግነት ተፈቀደ" ብለው ተደስተዋል። በእኛ ሕግ ግን አልተፈቀደም፤ ይህን በመጨረሻ እናገኘዋለን።

አሜሪካ ሌላ ዓለም ናት። የእኛ ሰው በብዛት የሚጠይቀውም ስለ እሷ ነው። አሜሪካዊ ዜግነት ያለው ሰው አዲስ አበባ ላይ ከኢትዮጵያዊት ሚስቱ ልጅ ሲወልድ ልጁ በቀጥታ አሜሪካዊ ነው ብሎ ያስባል። ሁልጊዜ አይደለም። አሜሪካዊው ወላጅ ልጁ ከመወለዱ በፊት በጠቅላላው አምስት ዓመት፣ ከዚያም ውስጥ ሁለቱን 14 ዓመት ከሞላው በኋላ፣ አሜሪካ ምድር ላይ በአካል የኖረ መሆን አለበት። ዜጋ ከመሆኑ በፊት በግሪን ካርድ የኖረበትም ይቆጠራል። ይህን የሚያሟላ አባት ወይም እናት ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው ኤምባሲው ሄዶ በውጭ አገር የተወለደ አሜሪካዊ መሆኑን ያስመዘግባል፤ ፓስፖርቱም እዚያው ይጠየቃል። ወላጆቹ ካልተጋቡ ለአባት ተጨማሪ መሥፈርቶች አሉ። ማስረጃው የትምህርት ቤት ውጤት፣ የግብር ወረቀት፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የደመወዝ ደረሰኝ ነው። አሜሪካ የሚኖር ወንድም ሆነ እህት እነዚህን ወረቀቶች በአንድ ፋይል ያኑር፤ ለገና ያልተወለደ ልጁ ነው የሚያስቀምጣቸው።

አምስቱን ዓመት ያልሞላስ? ልጁ አሜሪካዊ ሆኖ አልተወለደም፤ ተስፋው ግን አልተቋረጠም። ወላጁ ለልጁ የቤተሰብ ማመልከቻ ያስገባል፤ ልጁ ከ18 ዓመት በታች ሆኖ በስደተኛ ቪዛ ገብቶ ከዜጋ ወላጁ ጋር መኖር ሲጀምር እ.ኤ.አ. በ2001 በሥራ ላይ በዋለው የልጆች ዜግነት ሕግ መሠረት ያለ መሐላ፣ ያለ ፈተና ዜጋ ይሆናል። ልብ በሉ፣ ሚስቱ በስደተኛ ቪዛ ገብታ ግሪን ካርድ ስትይዝ ልጇ ከእሷ ቀድሞ ዜጋ ሆኗል። ይህን ሳያውቁ ለልጃቸው ለዓመታት ግሪን ካርድ የሚያሳድሱ ቤተሰቦች አሉ፤ ልጁ የሚያስፈልገው ፓስፖርት ነበር።

ለሚስት ወይም ለባል የሚቀርበው ማመልከቻ ዜጋ ከሆነ ሰው ሲመጣ በዓመታዊ የቪዛ ቁጥር አይገደብም፤ የግሪን ካርድ ባለቤት ሲያቀርበው ግን ወረፋ አለው። ስፖንሰሩ ገቢው ከአገሪቱ የድህነት መለኪያ ቢያንስ 125 በመቶ መሆኑን ያሳያል። ትዳሩ ሁለት ዓመት ሳይሞላው የገባ ሰው የሚሰጠው የሁለት ዓመት ቅድመ ሁኔታ ያለበት ግሪን ካርድ ነው፤ ካርዱ ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ባልና ሚስት አብረው ቅድመ ሁኔታው እንዲነሣ ይጠይቃሉ። ትዳሩ በመልካም እምነት ተጀምሮ የፈረሰ ከሆነ፣ ወይም ግፍ ከነበረበት፣ ብቻን ማመልከት ይቻላል። ከዜጋ ጋር በትዳር የሚኖር ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ለዜግነት ያመለክታል። ዲቪ ለሚሞሉ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ፤ የትዳር ጓደኛና ከ21 ዓመት በታች ያሉ ያላገቡ ልጆች፣ አብረው ባይሄዱም፣ የሌላ አገር ዜጋ ቢሆኑም፣ መመዝገብ አለባቸው። አሜሪካዊ ዜጋ ወይም ባለ ግሪን ካርድ የሆነው ብቻ ነው የማይገደደው። አንድ ልጅ በመተው የሙሉ ቤተሰብ ዕድል ተሰርዟል።

የቪዛ አሠራር ከመንግሥት መንግሥት ይለዋወጣል፤ በ2025 ብቻ አሜሪካ የብዙ አገር ዜጎችን መግቢያ ገድባለች። እንግሊዝም በኤፕሪል 2024 ለትዳር ጓደኛ ቪዛ የሚጠየቀውን ዓመታዊ ገቢ ከ18,600 ወደ 29,000 ፓውንድ አሳድጋለች። በልደት የተገኘ ዜግነት ግን በአንድ መመሪያ አይነጠቅም። የልጁን ቀድሞ ማስከበር የሚጠቅምበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው።

የዓረብ አገሮቹን ጉዳይ ሳነሣ ልቤ ይከብዳል። ሊባኖስ ውስጥ ዜግነት እ.ኤ.አ. በ1925 በወጣ ሕግ በአባት በኩል ብቻ ይተላለፋል፤ ኩዌትና ኳታርም እናት እንደ አባት እኩል አታወርስም። ቤሩት ውስጥ ከሱዳናዊ ወይም ከሌላ አገር ሰው የወለደች ኢትዮጵያዊት ሠራተኛ ልጇ የሊባኖስ ዜጋ አይሆንም። የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ ስለሆነ ልጁን ለማስመዝገብ መንቀሳቀስም ያስፈራታል። በሳዑዲ ዓረቢያና በኳታር ደግሞ ከጋብቻ ውጭ መውለድ ራሱ ለክስ ሊዳርግ ስለሚችል እናት ሆስፒታል ከመሄድ ትሸሻለች። ከዚያ የሚመጣው ልደቱን የሚያሳይ አንድ ወረቀት የሌለው ልጅ ነው። ኢትዮጵያዊት ከሆነች እናት የተወለደ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው፤ አባቱ ማንም ይሁን፣ ጋብቻ ይኑር አይኑር፣ ሕገ መንግሥቱ አይለይም። ይህን የሚያስከብሩት ኤምባሲዎቻችንና ቆንስላዎቻችን ናቸው። ሕፃን ታቅፋ ደጃቸው የቆመች እናትን የአባቱን ወረቀት አምጪ ብሎ የሚመልስ ሠራተኛ የአገሩን ሕገ መንግሥት እየጣሰ ነው። እናትም የቻለችውን ማስረጃ ሁሉ ትያዝ፤ የወለደችበትን ቦታ ወረቀት፣ ያዋለዳትን ሰው ስምና ስልክ፣ የምስክሮች ቃል፣ ልጁ ሲወለድ የተነሣችውን ፎቶ።

አሁን ወደ ራሳችን ሕግ እንመለስ። ጋብቻ ኢትዮጵያዊነትን አያስቀርም ብያለሁ። የሚያስቀረው በፈቃድ የሌላ አገር ዜግነት መውሰድ ነው። በአዋጅ ቁጥር 378 አንቀጽ 20 መሠረት በራሱ ፍላጎት የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ የራሱን እንደተወ ይቆጠራል። በርሊን ላይ የዜግነት ወረቀቷን የተቀበለች፣ ወይም አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ እጁን አንሥቶ የማለ ሰው፣ የዚያኛው አገር ሕግ ቢፈቅድለትም በእኛው ሕግ የውጭ ዜጋ ሆኗል። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ለእንዲህ ያለው ሰው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ማለትም ቢጫ ካርድ የምንለውን፣ ይሰጠዋል። ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፣ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ኢንቨስት ያደርጋል፣ ቤት ይይዛል። አይመርጥም፣ አይመረጥም፤ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በቋሚነት አይቀጠርም። ካርዱ ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ ለነበረ የውጭ ዜጋም ይደርሰዋል፤ የኤርትራ ዜግነት የወሰዱት ግን በአዋጁ አልተካተቱም። መመለስ የሚፈልግ ሰው አገሩ ገብቶ መኖር ጀምሮ፣ የውጭ ዜግነቱን ትቶ ቢያመለክት ኢትዮጵያዊነቱ ይመለስለታል።

በተቃራኒው አገር ቤት ለመኖር የሚመጣ የውጭ ዜጋ ባል ወይም ሚስት ኢትዮጵያዊ ለመሆን ቢሻ፣ ትዳሩ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሞላው፣ ከማመልከቻው በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት ኢትዮጵያ የኖረ ሊሆን ይገባል፤ የቀድሞ ዜግነቱን ለመልቀቅም ዝግጁ መሆን አለበት። በጋብቻ ላልሆነ አመልካች የሚጠየቀው አራት ዓመት ነው።

ስለ ልጁ የሚናገረውን የአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ ግን ብዙ ወላጅ አንብቦት አያውቅም። ከውጭ ዜጋ ወላጅ በመወለዱ ወይም ውጭ አገር በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ ልጅ፣ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን መያዝ እንደሚፈልግ ካላሳወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። በእኛ ሕግ አካለ መጠን 18 ዓመት ነው። ማለት፣ 19ኛ ልደቱ ዕለት ምንም ሳያደርግ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ደብዳቤ ሳይደርሰው ያልፍበታል። ሃምቡርግ፣ ዴንቨር ወይም ስቶክሆልም ላይ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እየጨረሰ ያለ ወጣት በዚያች ዓመት ስለ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚያስበው። ዝም ማለት ውሳኔ ሆኖ ይመዘገብበታል።

በእኔ እምነት ይህ ድንጋጌ ፍትሐዊ አይደለም። አንድን ወጣት ከእናቱና ከአባቱ አገር አንዱን ምረጥ ማለት ከባድ ነው፤ ሳይነግሩት ጊዜው አለፈብህ ማለት ግን ከዚያ ይብሳል። የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት በኤምባሲዎች ለተመዘገቡ ልጆች 17 ዓመት ሲሞላቸው ማስታወቂያ ቢልክ የሚያስከፍለው ጥቂት ነው። ሕግ አውጪዎቻችንም ሁለት ዜግነትን ባይፈቅዱ እንኳ የአንዱን ዓመት ገደብ ሊያራዝሙት ይችላሉ።

ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ ግን ኃላፊነቱ የእናንተ የወላጆች ነው። ልጃችሁ 18 ዓመት የሚሞላበትን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት። የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ የሁለታችሁን የጋብቻ ማስረጃና የቀድሞ ፓስፖርቶቹን ቅጂ ለራሱ ስጡት። ኢትዮጵያዊ ሆኖ መቀጠል፣ ወይም ቢጫ ካርድ ይዞ መኖር፣ ሁለቱም የተከበሩ ምርጫዎች ናቸው፤ የትኛውን እንደሚመርጥ እሱ ይወስን። ምርጫ እንዳለው ግን ጊዜው ሳያልፍበት ከእናንተ ይስማ።